ከፍቺ በኋላ ልጅ ከማን ጋር ይኑር? በጅማ ላሉ ወላጆች አማራጮቹን ማመዛዘኛ

ባልና ሚስት ሲለያዩ ንብረት ይቆጠራል። ቤቱ ይገመታል፣ ዕዳው ይደመራል፣ መጋዘን ያለው ቡና ይመዘናል። ልጅ ግን አይካፈልም። እንዲያም ሆኖ ብዙ ወላጅ ፍርድ ቤት ሲደርስ «ልጁን ለእኔ ይወሰንልኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ነገሩ እንዲህ ሲቀርብ ወይ የእናት ወይ የአባት ከመሆን ሌላ መንገድ ያለው አይመስልም።

መንገዱ ከዚያ ይሰፋል። ልጁ የሚያድርበት ቤት አንድ ጉዳይ ነው። ስለ ትምህርቱና ሕክምናው ማን ይወስናል የሚለው ሌላ ነው። አብሮት የማይኖረው ወላጅ መቼ ያገኘዋል? ወጪውስ እንዴት ይሸፈናል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ለየብቻቸው መልስ ይፈልጋሉ። አንድ ላይ ከተጨፈለቁ ግን ጠቡ ማብቂያ የለውም።

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ምርጫው መነሳት ያለበት ከልጁ የአዘቦት ቀን ነው። ጠዋት ማን ይቀሰቅሰዋል? ትምህርት ቤት በእግሩ ይሄዳል ወይስ በባጃጅ? ከሰዓት ሲመለስ ቤት ውስጥ ማን አለ? ሌሊት ትኩሳት ቢነሳበት ማን ይዞት ይሮጣል? እነዚህን ወረቀት ላይ አስፍሩና ከዚያ በኋላ ስለ አማራጮቹ ተነጋገሩ። ማን ይበልጥ ተበደለ የሚለው ክርክር ለልጁ ምንም አይፈይድለትም።

መጀመሪያ ሕጉን በአጭሩ

ጅማ ላይ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 69/1995፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 83/1996 የተሻሻለው። ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚያነበው ግን የፌደራሉን የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ነው። እሱ የሚያገለግለው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። ስለዚህ የፌደራሉን አንቀጽ ቁጥር ይዛችሁ ጅማ ችሎት አትግቡ። መነሻውን ለመረዳት ግን ይጠቅማል። የፌደራሉ ሕግ አንቀጽ 113 ፍርድ ቤት ፍቺ ሲወስን ስለ ልጆቹ አኗኗር፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ቀለብና ስለ መጠያየቅ አብሮ እንዲወስን ያዛል። ሲወስንም የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ያያል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 36 ልጅን በሚመለከት በማንኛውም ውሳኔ የልጁ ደህንነት በቀዳሚነት እንዲታሰብ ይደነግጋል። ይህ ጅማም፣ አዲስ አበባም፣ ጎንደርም ይሠራል።

«ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ የእናት ነው» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ወሬው ከሜዳ አልመጣም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 681 ከባድ ምክንያት ከሌለ በስተቀር ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር እንዲሆን ይል ነበር። የፌደራሉ የቤተሰብ ሕግ ይህን የዕድሜ መስመር አልያዘም፤ ዕድሜን ከሚታዩት ነገሮች እንደ አንዱ ነው ያስቀመጠው። እናት «ልጄ ገና ሦስት ዓመቱ ነው» ብላ ዘና አትበል። አባትም «አምስት ሞላው፣ አሁን የእኔ ነው» አይበል።

ሌላው የሚፈራው ገንዘብ ነው። «እሱ ሀብታም ነው፣ ልጄን ይወስድብኛል» የሚሉ እናቶች አሉ። ገቢ ይታያል፣ እውነት ነው። ቀለብ የሚባለው ነገር ያለው ግን ገንዘብ ያለው ወላጅ ልጁ ሌላ ቤት እያለም እንዲደጉመው ነው። ደሞዝ ማነሱ ብቻውን ልጅ አያሳጣም።

ሁለት የሕግ ቃላትም ለዩ። አሳዳሪ የሚባለው የልጁን አካል፣ ኑሮ፣ ጤናና ትምህርት የሚጠብቀው ነው። ሞግዚት ደግሞ የልጁን ገንዘብና ንብረት የሚያስተዳድር፣ በስሙም የሚፈርምለት ነው። በትዳር ጊዜ ሁለቱም ወላጆች ሁለቱንም በጋራ ይይዛሉ። ከፍቺ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ሁለቱንም ደርቦ ይይዛል። ለልጁ ከአያቱ የቡና መሬት ወይም የባንክ ገንዘብ ከተረፈው ሞግዚቱ ማን እንደሆነ በፍርዱ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ጠይቁ። ፓስፖርት ሲወጣ፣ የባንክ ሒሳብ ሲከፈት፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው።

አንድ ቤት፣ አንድ ጠያቂ

በጣም የተለመደው ይህ ነው። ልጁ ከአንዱ ወላጅ ጋር ይኖራል፣ ሌላው ቀለብ ይከፍላል፣ በተወሰነ ጊዜም ይጠይቀዋል። ለትንንሽ ልጆች የሚሻለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። አልጋው አንድ ነው፣ ጎረቤቱ አንድ ነው፣ መምህሯም ለማን እንደምትደውል ታውቃለች።

ድክመቱ የሚጀምረው ከስምምነቱ አጻጻፍ ነው። «አባት ልጁን በፈለገው ጊዜ መጠየቅ ይችላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ደግ ይመስላል። ከዚህ የከፋ ጠብ አምጪ ግን አላየሁም። አባት ሳይደውል ማታ ሁለት ሰዓት ይመጣል፤ ልጁ ተኝቷል። እናት ትቆጣለች፤ አባት «መብቴን ከለከለችኝ» ይላል። በሚቀጥለው ወር ቀለቡ ይቋረጣል። ከዚያ ሁለቱም ሽማግሌ ይጠራሉ።

እንዲህ ተብሎ ቢጻፍስ፦ «አባት ልጁን በየሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከእናቱ ቤት ይወስዳል፤ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ይመልሳል። መምጣት ካልቻለ እስከ ዓርብ ማታ ይደውላል። የቀረው ቀን በሚቀጥለው ሳምንት አይደመርም፤ ከሐምሌ 15 እስከ ነሐሴ 15 ግን ልጁ ከአባቱ ጋር ይከርማል።» ይህ ቀዝቃዛ ይመስላል። ልጁ ግን ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን አድርጎ መስኮት ላይ ሲጠብቅ በከንቱ አይጠብቅም።

ጅማ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ የቡና ወቅት። አባት ነጋዴ ወይም ሰብሳቢ ከሆነ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጋሮ፣ ሊሙ፣ ጌራ እያለ ነው የሚውለው። በዚያ ጊዜ በየቅዳሜው እመጣለሁ ብሎ መፈረም ራስን መዋሸት ነው። የወቅቱን ፕሮግራም ለብቻው ጻፉ። በቡና ወራት በወር አንድ እሑድና በሳምንት ሁለት ቀን የስልክ ጥሪ ይሁን፤ የቀረው በክረምት ይካካስ። እናት የሆስፒታል ነርስ ሆና የሌሊት ተረኛ ከሆነችም እንዲሁ ነው። የተረኝነት ፕሮግራሟን አይታችሁ ልጁ አባቱ ዘንድ የሚያድርበትን ሌሊት በዚያው ላይ አድርጉት። ለጎረቤት ልጅ አደራ ከመስጠት አባቱ ይሻላል።

መጠያየቅን የወላጅ መብት ብቻ አድርጎ ማየት ትልቅ ስህተት ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ላይ ከአንዱ ወላጅ ተለይቶ የሚኖር ልጅ ከሁለቱም ጋር ግንኙነቱን የመቀጠል መብት እንዳለው ይናገራል፤ ለጥቅሙ የሚጻረር ካልሆነ በቀር። ስለዚህ «ቀለብ ስላልከፈለ አያየውም» ማለት ልጁን መቅጣት ነው። «ስላላሳየችኝ አልከፍልም» ማለትም ያው ነው። ሁለቱ ለየብቻ የሚጠየቁ ጉዳዮች ናቸው።

አንድ ቤት፣ የጋራ ውሳኔ

ለአብዛኛው የጅማ ቤተሰብ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ልጁ የሚያድረው አንድ ቤት ነው፤ ዋና ዋና ውሳኔዎች ግን ያለ ሁለቱ ፈቃድ አይወሰኑም። በስምምነት የምትፋቱ ከሆነ ይህን ራሳችሁ ጽፋችሁ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ትችላላችሁ። ፍርድ ቤቱ የልጁ ጥቅም መጠበቁን አይቶ ያጸድቀዋል፤ ጉድለት ካየበት ያስተካክለዋል።

«ዋና ውሳኔ» ምን እንደሆነ ግን ዘርዝሩ። ትምህርት ቤት መቀየር፣ ቀዶ ጥገና፣ ከጅማ ወጥቶ ሌላ ከተማ መኖር፣ ወደ ውጭ አገር መውጣት፣ የሃይማኖት ትምህርት። የመጨረሻው እዚህ ከተማ በተለይ ያስፈልጋል። እናት ክርስቲያን አባት ሙስሊም የሆኑበት ቤት ጥቂት አይደለም። ትዳሩ እያለ በፍቅር የታለፈው ነገር ከፍቺ በኋላ የመጀመሪያው ጠብ ይሆናል። ኢድና አረፋ ከማን ጋር፣ ገናና ፋሲካ ከማን ጋር እንደሚውል አሁኑኑ ጻፉት።

ስምምነት ካልተገኘስ? መውጫ አስቀምጡ። አንዱ ወላጅ በቴክስት ያሳውቃል፤ ሌላው በአሥር ቀን ውስጥ ካልመለሰ ልጁ አብሮት የሚኖረው ወላጅ ይወስናል። ይህ ካልተጻፈ የጋራ ውሳኔ ማለት ሁለቱም ሌላውን ማገድ ይችላሉ ማለት ይሆናል፤ ልጁም መስከረም ላይ ሳይመዘገብ ይቀራል። ድንገተኛ ሕክምና ደግሞ ፈቃድ አይጠበቅበትም፤ ይህንንም ጻፉ።

ሁለታችሁ ስልክ ላይ ሳትሰዳደቡ አምስት ደቂቃ ማውራት ካልቻላችሁ ግን ይህ አማራጭ ይቆያችሁ። የመጀመሪያውን ይዛችሁ ጀምሩ።

በየሳምንቱ መቀያየር

አንድ ሳምንት እናት ቤት፣ አንድ ሳምንት አባት ቤት። ወረቀት ላይ ሲታይ ከሁሉም ፍትሐዊ ይመስላል። ለወላጆቹ ፍትሐዊ ነው፤ ለልጁ ግን ሁልጊዜ አይደለም።

እሑድ ማታ የሚሆነውን አስቡት። ቦርሳው ውስጥ ዩኒፎርም አለ፣ የሒሳብ ደብተር አለ፣ የአስም መተንፈሻ አለ። ከጅሬን ቆጪ በባጃጅ ይመጣል፤ ዝናብ እየጣለ ነው። ሰኞ ጠዋት የእንግሊዝኛ ደብተሩ አባቱ ቤት እንደቀረ ይታወቃል። መምህሩ ይቆጣል። የስምንት ዓመት ልጅ የሁለት ቤት እቃ ጠባቂ መሆን የለበትም።

ይህ የሚሠራው ሁለቱም ቤቶች ለአንድ ትምህርት ቤት ቅርብ ሲሆኑ፣ ዩኒፎርሙና መድኃኒቱ በሁለቱም ቤት ሲኖር፣ ወላጆቹ ሲነጋገሩና ልጁ ትንሽ ከፍ ሲል ነው። ጡት ለሚጠባ ሕፃን አይታሰብም።

የተሻለ ዓይነቱ የትምህርት ጊዜና የዕረፍት ክፍፍል ነው። አንዱ ወላጅ አዲስ አበባ ከሄደ በየሳምንቱ 350 ኪሎ ሜትር መመላለስ አይቻልም። ልጁ የትምህርቱን ወራት ጅማ ይማራል፤ የሴሚስተሩን ዕረፍትና ክረምቱን ከሌላው ወላጅ ጋር ያሳልፋል። ትራንስፖርቱን ማን እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያደርሰውና መመለሻው ቀን መቼ እንደሆነ አብሮ ይጻፍ። መመለሻው ትምህርት ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቢቀድም ጥሩ ነው።

ወንድም እህት መክፈል የሚባለውን በጥቂቱ ልለፈው፤ ሴቷ ለእናት፣ ወንዱ ለአባት። አታድርጉት። ቤታቸው የፈረሰባቸው ልጆች የቀራቸው አንድ ነገር እርስ በርሳቸው መሆናቸው ነው። የተለየ ከባድ ምክንያት ካለ እንኳ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በዓል አብረው የሚሆኑበት ይፈለግ።

አያት ወይም አክስት ዘንድ

ይህ እኛ ጋ ብዙ አለ። እናት ለሥራ ዐረብ አገር ትሄዳለች፣ አባት ሌላ ትዳር መሥርቷል፤ ልጁ ገጠር ወይም እዚሁ መርካቶ አካባቢ አያቱ ቤት ያድጋል። ብዙዎቹ በፍቅርና በሥርዓት ያድጋሉ። የሚጎድለው ወረቀት ነው። አያት ልጁን ስታሳክም «ወላጁ የት አለ?» ትባላለች። አባት ከዓመታት በኋላ ድንገት መጥቶ «ልጄን አምጡ» ሲል በእጇ ምንም የለም።

ሕጉ አያትን አይረሳም። የሥር ፍርድ ቤቶችን የሕግ ስህተት የሚያርመው የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ላይ አንድ አክስት ለዓመታት ያሳደገችውን ልጅ አባት ሊወስድ ሲጠይቅ የልጁን ጥቅም አይቶ ለአክስቲቱ ወስኗል። የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈርደው ነበር። ሰበር ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ ሻረው፤ ወላጅ መሆን ብቻውን አይበቃም ነው ያለው። የሰበር ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። ስለዚህ እናት ከመጓዟ በፊት ልጁ አያቱ ዘንድ እንዲሆን በፍርድ ቤት ይወሰን። ቪዛው ከመጣ በኋላ ጊዜ አይኖርም።

ጥቃት ባለበት ቤት

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሁለቱም ወላጆች ለልጁ ደህና ከሆኑ ነው። ዱላ፣ ማስፈራራት ወይም ስካር ካለ ሚዛኑ ይለወጣል። የጋራ ውሳኔም መቀያየርም አይሠራም፤ ተጎጂዋን በየሳምንቱ ከጎዳት ሰው ፊት ማቆም ነውና። ፍርድ ቤቱን የተገደበ መጠያየቅ ጠይቁ። ለምሳሌ በቀን ብቻ፣ ሁለቱም በሚያምኑት ዘመድ ቤት፣ ያ ዘመድ ባለበት። ልጁን ማሳደር አይፈቀድ። የሐኪም ወረቀትና ለፖሊስ ያመለከታችሁበትን ማስረጃ ያዙ። «ለልጆቹ ስትይ ቻይው» የሚሉ ሽማግሌዎች ይኖራሉ። አክብራችሁ ስሟቸው፤ በዚህ ጉዳይ ግን አትከተሏቸው።

የት ይሻላል፤ ፍርድ ቤት፣ ሽማግሌ ወይስ ቃዲ?

ሽማግሌ ቁጣን ያበርዳል። የቤቱን ታሪክ ያውቃል፣ ስምምነቱንም ያለሰልሳል። ሽማግሌ ፊት የተጻፈው ስምምነት ግን ፍርድ ቤት ካልጸደቀ አንዱ ወገን ሲያፈርሰው በአፈጻጸም ማስገደድ ያስቸግራል። ስለዚህ ከሽማግሌ ጀምራችሁ ፍርድ ቤት ጨርሱ።

ሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት የሚቻለው ሁለቱም ወገኖች ሲፈቅዱ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ይህን ይላል። ሐዳና የሚባለው የልጅ አስተዳደግ ሥርዓት ለትንሽ ልጅ እናትን ያስቀድማል። እስከ ስንት ዓመት የሚለው ግን በመዝሀብ፣ ማለትም በሚከተሉት የእስልምና ሕግ አስተምህሮ፣ ይለያያል፤ የእናት ሌላ ማግባትም ነገሩን ሊቀይር ይችላል። ፈቃዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ቃዲውን እነዚህን ሁለት ነገሮች ጠይቁ። ያልፈለገ ሰው መደበኛ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ጅማ ያሉት የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን የማትችሉ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ማመልከቻውንም ከመፈረማችሁ በፊት ቃል በቃል አስነብቡ። «በየሳምንቱ» ያላችሁት «በየወሩ» ተብሎ ቢጻፍ ማስተካከሉ ብዙ ቀጠሮ ይበላል። ለጠበቃ የማይበቃችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ።

የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ የልጁን ሪፖርት ካርድ፣ የሕክምና ካርዱንና የገቢ ማስረጃ ይዛችሁ ቅረቡ። ፍቺው እስኪወሰን ወራት ሊወስድ ስለሚችል በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ ስለ ልጁ አኗኗርና ቀለብ ጊዜያዊ ትእዛዝ ጠይቁ። ይህን የሚዘነጋው ብዙ ነው።

ቀለብ የሚለካው በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው። ደሞዝተኛ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲቆረጥ ማስወሰን ይቻላል። ነጋዴ ከሆነ በየወሩ ትንሽ፣ ቡና ሲሸጥ ደግሞ ለትምህርት ቤት ክፍያ አንድ ላይ ቢደረግ ይቀላል። በእጅ አትስጡ። በቴሌብር ወይም በባንክ ላኩና የየትኛው ወር እንደሆነ ጻፉበት። ማስረጃው ለሁለታችሁም ይጠቅማል። እየቻለ ሆን ብሎ ቀለብ የማይሰጥ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 መሠረት ሊጠየቅ ይችላል።

ልጁን ራሱንስ? የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ሐሳቡን መግለጽ ለሚችል ልጅ የመደመጥ መብት ይሰጠዋል። መደመጥ ግን ፈራጅ መሆን አይደለም። «ከእማዬ ጋር ነው ከአባዬ ጋር መኖር የምትፈልገው?» ብላችሁ እራት ላይ አትጠይቁት። የትኛውንም ቢመልስ አንዳችሁን እንደከዳ ይሰማዋል። ይልቅ የትኛው መንገድ እንደሚያደክመው፣ የትኛው ጓደኛው እንደሚናፍቀው፣ ማታ ምን እንደሚያስፈራው ጠይቁት።

ውሳኔውም ለዘላለም አይደለም። የልጁ ዕድሜ፣ የወላጅ ሥራ ወይም ጤና ሲቀየር ፍርዱ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። እናት ሥራዋ ወደ በደሌ ቢዛወር፣ አባት ከሄደበት ተመልሶ ጅማ ቢሰፍር፣ ያ በቂ መነሻ ነው። ልጁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ሳይሆን ከመሄዳችሁ በፊት አመልክቱ። አዲሱን ትምህርት ቤትና አዲሱን የመጠያየቂያ ፕሮግራም ከማመልከቻው ጋር አያይዙ፤ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ስለ እነዚህ ነው።